አርባ ሦስት ጊዜ «ተስተካከለ»

ፕሮግራመሯን ባልደረቦቿ «ባቡር» ይሏታል፤ ከተነሳች የሚያቆማት የለማ! ከሁለት ባልደረቦቿ ጋር የምትሠራው ፕሮግራም የሕፃናት ክሊኒክ ውስጥ ያገለግላል። ነርሷ የሕፃኑን ክብደት ስታስገባ የመድኃኒቱን መጠን ይነግራታል። ሦስቱም በየራሳቸው ቅጂ፣ እነሱ «ቅርንጫፍ» በሚሉት፣ ይሠሩና ከዋናው ጋር ያዋህዱታል። ለእያንዳንዱ ለውጥም ምን እንደተሠራ አጭር ማስታወሻ ይጽፋሉ።

ባቡር ማስታወሻ ላይ ስትደርስ ትሰንፋለች። «ተስተካከለ» ብላ ታልፋለች።

«ኧረ ልጄ፣ ነገ አንቺም አይገባሽም» ይሏታል ከሁለቱ ባልደረቦቿ በዕድሜ የሚበልጧት ጋሼ።

«ጋሼ ደግሞ! ፕሮግራሙ ከሠራ ማስታወሻውን ማን ያነበዋል?»

አንድ ሰኞ የሦስት ሳምንት ሥራዋን በአንዴ አመጣች። ያን ያህል ጊዜ ለብቻዋ ስለከረመች የእሷና የሌሎቹ ሥራ አሥራ አንድ ቦታ ላይ ተጋጨ። ኮምፒውተሩ በየግጭቱ የማንን ልያዝ ብሎ ይጠይቃል። ከአሥራ አንዱ ሁለቱን አነበበች። ምሳ ሰዓት ደርሶ ነበርና የቀሩትን ሳታይ «የኔን፣ የኔን» እያለች ጨረሰችው።

ረቡዕ ጠዋት ከክሊኒኩ ነርሷ ደወለች። «ስምንት ኪሎ ለሚመዝን ልጅ እጥፍ ሽሮፕ ስጪ አለኝ እኮ! ቀድቼ አፉ ጋ ላደርሰው ነበር!»

ባቡር ወደ ጋሼ ሮጠች። ፕሮግራሙ ቆመ። ነርሶቹ በእርሳስ ማስላት ጀመሩ፤ እናቶች ትኩሳት ያለባቸውን ልጆች አቅፈው ሲጠብቁ ወረፋው ረዘመ።

«ስታዋህጂ ሁሉንም አይተሻል?» አሏት ጋሼ።

«አይቻለሁ» አለች። ዋሸች።

እሷን አምነው ስህተቱን በለውጦቿ ታሪክ ውስጥ መፈለግ ያዙ። አርባ ሦስት ለውጥ፣ አርባ ሦስት «ተስተካከለ»። አንዱን ከሌላው የሚለይ ነገር ስለሌለ አንድ በአንድ እየከፈቱ አነበቡ። ሃያ ሰባተኛው ላይ ሲደርሱ ነርሷ ደግማ ደወለች፤ ከስልኩ ውስጥ የልጅ ለቅሶ ይሰማል። ባቡር ከዚያ በላይ አልቻለችም።

«ጋሼ፣ አላየሁትም። የኔን እያልኩ ነው ያለፍኩት።»

ጋሼ አልተቆጡም፤ ይህ ደግሞ ባሰባት። ወደ ውህደቱ ሄደው በአሥር ደቂቃ አገኙት። መድኃኒቱ እጥፍ ብርታት ባለው አዲስ ጠርሙስ ስለመጣ ጋሼ መጠኑን በግማሽ ቀንሰውት ነበር። የእሷ አሮጌ መስመር ያንን አጥፍቶታል።

ከተስተካከለ በኋላ በሀፍረት «ይሄን ጉድ ከታሪኩ ላጥፋው?» አለች።

«ለእኛ ሳታጋሪው በፊት ረቂቅሽን እንደልብሽ አጽጂ፤ እንደዚህ አርባ ሦስት ከሆነም ጠቅልለሽ አራት አድርጊው። እኛ ተቀብለን የምንሠራበትን ግን አትንኪ። ይቆይ፤ ነገ ሌላው ይማርበት» አሏት ጋሼ።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። እዚህ ግን የፈሰሰው በልጅ ጉሮሮ ቢወርድ ኖሮ ማንም አይለቅመውም ነበር። በጋራ ሥራ ላይ የሌላውን ድካም ሳያነቡ መሻር፣ የራስንም ሥራ በግልጽ አለመጻፍ፣ ትንሽ ስንፍና አይደለም።

በዚያ ቀን ማስታወሻዋ ላይ እንዲህ ጻፈች፦ «ሳላነብ በማዋሃዴ የጋሼን እርማት አጥፍቼ የሽሮፑ መጠን እጥፍ ሆኖ ነበር። መልሼዋለሁ።» ከዚያ ወዲህ ሥራዋን በየቀኑ ታዋህዳለች፣ ግጭቱንም አንድ በአንድ ታነባለች። ባልደረቦቿ «ባቡሩ በየጣቢያው መቆም ጀመረ» እያሉ ይቀልዱባታል። እሷም ትስቃለች፤ ግን ትቆማለች።