ሽማግሌዎቹ ፎቅ ላይ፣ ወርዋሪው መኪና ውስጥ

«ወንድም... እየፈሰስክ ነው!»

ትሕትና ለይዲድያ የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው። ሚኒሶታ፣ ቡርንስቪል ውስጥ፣ አንድ የክርስትና ድግስ ላይ፣ ቦታ ጠፍቶ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ቁመቱ በር የሚያክለው ልጅ ከሸሚዙ እጅጌ ውሃ ጠብ... ጠብ... እያደረገ አዲስ ቀሚሷን አረጠበው።

«ሶሪ! በረዶ ነው» አለ፣ እስከ ጆሮው ቀልቶ። «ትከሻዬ ላይ አስሬው ነው።»

«ክርስትና በረዶ ታስሮ ይመጣል?»

«ጠዋት ቤዝቦል ስወረውር ነበር። ከዚያ በኋላ በረዶ ማድረግ አለብኝ። እማዬ ደግሞ ከቀረህ ወዮልህ አለችኝ።»

ትሕትና ልትቆጣ አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ሳቅ ነው። እንዲህ ያለው ሳቅ ደግሞ፣ እንደምታውቁት፣ አንዴ ካመለጠ መመለሻ የለውም።

ያኔ ይዲድያ የኮሌጅ ተማሪ ነበር፤ ትምህርት ሲዘጋ ሰመር ሊግ ይጫወታል። ሲመረቅ ማይነር ሊግ ገባ፤ ከትልቁ ሊግ በታች ያለው፣ ሁሉም ወደ ላይ እያንጋጠጠ የሚጫወትበት ማለት ነው። ከሰመር ሊግ ጓደኞቹ እኩሌቶቹ ትተው ኢንሹራንስ ይሸጣሉ፤ የቀሩትን ቡድን ለቡድን ይለዋውጧቸዋል። እሱን ሁለት ዓመት በአውቶቡስ ሲያንከራትቱት ቆይተው እዚሁ ቡርንስቪል አጠገብ፣ ሴንት ፖል መለሱት። ትሕትና አረጋውያን ቤት እየሠራች ነርሲንግ ትማራለች። ባረፈች ቀን ከሜዳው አጥር ጀርባ ቁጭ ብላ፣ ከጨዋታው አንድም ነገር ሳይገባት፣ ዳኛውን በአማርኛ ትሰድባለች።

በተመለሰ በሁለተኛው ሰመር ይዲድያ ሽማግሌ ላከ።

ሴዳር ሪቨርሳይድ፣ ሰባተኛ ፎቅ፣ የትሕትና ወላጆች ቤት። ሦስት ሽማግሌዎች ሱፍ ለብሰው ሳሎን ቆመዋል፤ ተቀመጡ ካልተባሉ አይቀመጡም። ልጁ በወጉ መሠረት አብሯቸው አይገባም፤ ታች ፓርኪንግ፣ መኪናው ውስጥ ጥፍሩን ይበላል። ትሕትናም በወጉ መሠረት ከወጥ ቤቱ በር ጀርባ ናት። ጆሮዋ ግን ሳሎን ነው።

አባቷ አቶ ሐብተማርያም ሃያ ዓመት ኤርፖርት ታክሲ የነዱ ሰው ናቸው። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ለመሆኑ ልጁ ሥራው ምንድን ነው?»

የሽማግሌዎቹ አፈ ጉባኤ ጋሽ መርጋ ነፍሳቸው እግር ኳስ ነው። በእግር ኳስ ደግሞ የተሸጠ ማለት የተከበረ ማለት ነው። ስለዚህ ደረታቸውን ነፉ።

«ቤዝቦል ወርዋሪ ነው፣ ጌታዬ! ያውም የሚፈለግ! ትናንት ለቴክሳስ ሸጡት። በምትኩ ሌላ ልጅ ተቀበሉ፤ ሰመር ሊግ አብሮት አንድ ክፍል ያደረ ጓደኛውን። ሰኞ ይሄዳል!»



«ሸጡት?» አሉ አቶ ሐብተማርያም። «ሰውን በሰው ለወጡት? እሱንስ ጠየቁት?»

«እ... እሱማ አይጠየቅም። ደንባቸው ነው።»

«እንግዲያው ይቅርታችሁን። ነገ የት እንደሚያድር የማያውቅ ሰው ልጄን የት ሊያሳድርልኝ ነው?»

ከበሩ ጀርባ የትሕትና ደም ሥር ተገተረ። ቴክሳስ? ሰኞ? ትናንት አንድ ሰዓት ሙሉ በስልክ ያወሩት ስለ ጫማ ነው!

በሩን በርግዳ ወጣች። ሽማግሌ ባለበት! እናቷ ወይዘሮ አስካለማርያም «ኧረ በሥላሴ!» ብለው ቀሚሷን ሊይዙ ሞከሩ፤ አልደረሱባትም።

«አባባ፣ መልስ እንዳትሰጥ! ጋሽ መርጋ፣ እርስዎም እንዳይሄዱ!»

ሊፍቱን አልጠበቀችም። ሰባቱን ፎቅ በደረጃ ወረደችው።

ይዲድያ ሲያያት ከመኪናው ወረደ፤ ፊቷን ሲያይ ተመልሶ ሊገባ ቃጣው።

«ቴክሳስ?!»

«ልነግርሽ ነበር... ትናንት ጠዋት ደወሉልኝ። ሽማግሌዎቹ ደግሞ ለዛሬ ተቀጥረዋል። ጋሽ መርጋ ‹ዝም በል፣ እኔ አሳምሬ እናገረዋለሁ› አሉኝ። እኔም ፈራሁ። እምቢ እንዳትዪኝ ፈራሁ።»

«እነሱ አንተን ሳይጠይቁ ሰደዱህ። አንተ ደግሞ እኔን ሳትጠይቅ ልትወስደኝ! ታዲያ ከእነሱ በምን ተሻልክ?»

ይዲድያ አንገቱን ደፋ።

«ልክ ነሽ... ይቅር በይኝ። በቃ፣ ዛሬውኑ ደውዬ ኩዊት አደርጋለሁ። እዚሁ ሥራ እፈልጋለሁ።»

«እንዳትሞክራት!» ጣቷን ደረቱ ላይ ተከለች። «ሁለት ሰመር ሙሉ ያን ምስኪን ዳኛ የሰደብኩት አንተ እንድትተው ነው? ትሄዳለህ! እኔም ትምህርቴን አልተውም፤ ታኅሣሥ ላይ እጨርሳለሁ። ከዚያ ወዲያ ነርስ የማይፈልግ ከተማ ካለ አሳየኝ! አሁን ጠይቀኝ። ራስህ፣ በገዛ አፍህ።»

«እዚህ? ፓርኪንግ ውስጥ?»

«እዚሁ!»

ይዲድያ ትንፋሹን ሰበሰበ። ቡርንስቪል የተወለደ ልጅ ነውና አማርኛው ቀስ እያለ ነው የሚመጣው።

«ትሕትና... ነገ የት እንደምሆን አላውቅም። የትም ብሆን ግን አንቺን ነው የምፈልገው። ታገቢኛለሽ?»

«አገባሃለሁ» አለች፣ እንባዋን በእጇ ጀርባ እየጠረገች። «አሁን ና፣ እንውጣ!»

«እኔ መግባት ወግ አይደለም እኮ...»

«ወጉን እኔ ሰብሬው መጥቻለሁ። ና!»

እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲገቡ ሽማግሌዎቹ እንደቆሙ ናቸው፤ ጋሽ መርጋ ጉልበታቸውን ያሻሉ። አቶ ሐብተማርያም ከመቀመጫቸው ተነሡ።

«አባባ» አለች፣ የይዲድያን እጅ ሳትለቅ። «ከሱዳን ስደተኛ ካምፕ ወደዚህ ሲልኩህ የት ልላክህ ብሎ የጠየቀህ ነበር? ሥጋ ፋብሪካው ሲቀንስህ ፓርኪንግ ሥራ ገባህ። ፓርኪንጉ ሲዘጋ ታክሲ ያዝክ። እማዬ አንድ ቀን ‹የት እንደሚያድር የማያውቅ› ብላህ ታውቃለች?»

አባት ወደ ሚስታቸው ዞሩ።

«አላልኩም» አሉ ወይዘሮ አስካለማርያም ቀስ ብለው። «ሻንጣዬን ነው ያነሳሁት።»

ከዚያ አቶ ሐብተማርያም ይዲድያን ከእግር እስከ ራሱ አዩት፤ ቁመቱ ያን ያህል ነውና ጊዜ ወሰደባቸው።

«አንተ ልጅ፣ ትምህርቷን ብታስተዋት ውርድ ከራሴ!»

«ጋሼ... እሷን ማን ያስተዋታል?»

ጋሽ መርጋ ሳቃቸው አመለጣቸው። አባት ከንፈራቸውን ነክሰው ታገሉት፤ አልቻሉም።

«በሉ ተቀመጡ እንግዲህ» አሉ ሽማግሌዎቹን።

ለሽማግሌ ‹ተቀመጡ› ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አይነገርም።

ሠርጉ ጥር ላይ ሆነ። ጥር ቤዝቦል የሌለበት፣ አበሻም የሚዳርበት ወር ነው፤ የሚኒሶታን ብርድ ማን ከቁም ነገር ይቆጥራል! ትሕትና የነርስነት ፈተናዋን አለፈች፣ ቴክሳስ ሥራ አገኘች፣ በመጋቢትም ባሏን ልትከተል ተነሣች። ፎርት ስኔሊንግ፣ ኤርፖርቱ ድረስ በታክሲያቸው ያደረሷት አባቷ ናቸው።

ሻንጣዋን ሲያወርዱ ያደታ የተባለው ታክሲ ነጂ ባልንጀራቸው ከራሱ ታክሲ መስኮት ብቅ አለ።

«ሐብቴ! ልጅህን በየዓመቱ ለሚለዋውጡት ልጅ ሰጠሃት አሉ?»

አቶ ሐብተማርያም ቀና አሉ፤ ኤርፖርቱ በሙሉ እንዲሰማቸው ጮኹ።

«ማን ሰጠ? ራሷ ወሰደችው እንጂ!»