ጫፉ የተዘጋው ቱቦ

ይሄን የምነግራችሁ ከሰው ሰምቼ አይደለም። በራሴ ላይ ደርሶ ነው።

"ሽማግሌው ጃጀ" የሚል ይኖራል፤ ይበል። በስልኳ የምትጽፍልኝ ልጄ ብርሀንነሽም እንደዚያው ነው የምታስበው። እኔ መሐላ አልወድም። ያየሁትን እናገራለሁ፣ ያላየሁትን አልጨምርም።

ሰኔ 1967 ዓ.ም.፣ አሰብ ወደብ። ሰዓቱ ከቀኑ ሰባት ሰዓት...

ጠራራ ፀሐይ ነው። በዚያ ሰዓት አሰብ ውስጥ ሰው ይተኛል እንጂ አይሠራም። የምንሠራበት መርከብ ላይ የቀረነው እኔና የአጎቴ ልጅ አሻግሬ ብቻ ነበርን።

የመካነ ሰላም ልጆች ነን። ያ ክፉ ቀን ወሎን ሲበላት ተያይዘን ወጣን። ከዘመድ የቀረኝ እሱ ብቻ ነበር። አሰብ ወርደን ላሜራ መቁረጥና ማጠፍ ለመድን፤ ሥራችን መርከብ ላይ የአየር ማቀዝቀዣ ቱቦ መግጠም ሆነ። ሁለት የደጋ ሰዎች ለባሕር ሰው ብርድ ሲሠሩ አስቡት እንግዲህ።

መሬት ላራሹ ከታወጀ ወራት አልፈዋል። እኔ አገሬ ልግባ እላለሁ። አሻግሬ ግን የአገር ስም ሲነሳ ፊቱ ይጠቁራል።

የዚያን ቀን ዋናውን ቱቦ ነበር የምንገጥመው። ሰው በደረቱ ተስቦ ይገባበታል። አንዱ ጫፍ ክፍት ነው፤ ሌላውን ጫፍ ጠዋት በላሜራ ዘግቼዋለሁ። ማቀዝቀዣው ማሽን ገና አልመጣም። ይህን ልብ በሉልኝ... ማሽን የለም።

አሻግሬ መጋጠሚያውን ከውስጥ ሊያጠብቅ ገባ።

"አምባቸው..." አለኝ ከውስጥ። "ይሄ ነገር ይተነፍሳል።"

"ሙቀቱ ነው አያ።"

"ሙቀት አይደለም። ይስባልም።"

እጄን ወደ ቱቦው አፍ አስጠጋሁ።

እውነቱን ነው። ወጣ... ገባ... ወጣ... ገባ...

ሽታም ነበረው። የባሕር ወይም የቀለም አይደለም። ለብዙ ጊዜ ተዳፍኖ የቆየ የእህል ጉድጓድ ሲከፈት የሚወጣው፣ ሞቅ ያለ ኮምጣጣ ሽታ ነው። እኛ አገር እንዲህ የሸተተ ጉድጓድ ውስጥ ማንም ዘሎ አይገባም። ክፉው አየር እስኪወጣ ከፍተን እንጠብቃለን። ያልጠበቀ እዚያው ይቀራል።

"ውጣ አያ" አልኩት።



ኳ... ኳ... ኳ...

"አንተ ነህ የምትመታው?"

"እኔ አይደለሁም።" ድምፁ ወረደ። "ከወዲያ ነው።"

ከወዲያ ያለው እኔ የዘጋሁት ጫፍ ነው።

አንድ ነገር ከውስጥ እየተንከባለለ መጥቶ እግሬ ሥር ወደቀ። ጎንበስ ብዬ አነሳሁት።

የገብስ ፍሬ ነበር።

"አምባቸው... አራጌን ታስታውሰዋለህ?" አለኝ በሹክሹክታ።

እንዴት አላስታውሰው። የባላባቱን የእህል ጉድጓድ በጠመንጃ የሚጠብቅ ሰው ነበር። በረሃቡ መሐል ድንገት ጠፋ። ወደ አጅባር ኮበለለ ተባለ፣ ማንም አልፈለገውም።

"አልኮበለለም" አለ አሻግሬ። "የሆድ ነገር ሆድ ይቆርጣል፣ ስማኝ። ሚስቴ ፈንታዬ በእቅፌ በረሃብ የሞተች ዕለት ሄድኩበት። ጠመንጃውን ቀማሁት። በሰደፉ ጥርሱን አረገፍኩት። ጉድጓዱን አስከፍቼ የቻልኩትን ያህል ገብስ ዛቅሁ። ከዚያ እሱን ወረወርኩት። ከነነፍሱ ነው... እየጮኸ ድንጋዩን ገጠምኩበት።"

ያንን ገብስ እኔም በልቼ ነው ከሞት የተረፍኩት።

"ውጣና እናወራለን" አልኩት። "አብሽር አያ፣ ውጣ ብቻ።"

"አልችልም" አለ።

"ለምን?"

"እጄን ይዞኛል።"

ሳይጨርሰው ወደ ውስጥ ሸሸ። ሸሸ ስላችሁ... ተወሰደ። ሁለት ቁርጭምጭሚቱን ለቀም አድርጌ ያዝሁ።

እኔ ስጎትት ከወዲያ ይጎተታል። ጭንቅላቱ ከላሜራው ጋር ሲጋጭ እሰማለሁ። ላሜራው ከውስጥ በጡጫ እንደተመታ ያብጣል... ያብጣል...

ደም ከመጋጠሚያው ይንጠባጠብ ጀመር።

አሻግሬ እንደሚታረድ በሬ አጓራ። ትከሻው ከመገጣጠሚያው ሲወልቅ ድምፁን ሰማሁት። እኔም በእግሬ ቱቦውን ረግጬ ጎተትሁ። የላሜራው ጠርዝ ክንዴን ሸረከተው። ጠባሳው አሁንም አለ፤ ብርሀንነሽ እያየችው ነው።

እግሩን ግን አልለቀቅሁም። አንድ አፍታም አልለቀቅሁም። ይህን እመኑኝ።

ድንገት ከወዲያ ያለው ለቀቀ።

ሰውየው በደምና በገብስ ተለውሶ ወጥቶ ላዬ ላይ ወደቀ። ጩኸቱ ቆመ። እኔም አቅፌው እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ወንድሜን ከሞት አፍ ነጠቅሁ ብዬ ደስ አለኝ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

"አምባቸው..."

የአሻግሬ ድምፅ ነው።

"አምባቸው... ለምን ለቀቅኸኝ?"

ድምፁ የመጣው ከቱቦው ውስጥ ነው። ከሩቅ... ከጥልቅ...

ያቀፍሁት ሰው ቀስ ብሎ ቀና አለ። የለበሰው የአሻግሬን ቱታ ነው። ፊቱ በገብስ አቧራ ነጥቷል። አፉን ከፈተ... አንድም ጥርስ የለውም።

አልነካኝም። ቂም ያለውም አይመስልም። ሥራ እንደሚጠብቀው ሰው ተነሳ። ማታ ማታ አቧራ እንዳይገባ ቱቦውን የምንከድንበትን ላሜራ ከወለሉ አንስቶ ተንበረከከና ክፍቱ አፍ ላይ ገጠመው።

ከውስጥ ጥፍር ላሜራውን ይቧጥጣል።

"አምባቸው... ወንድሜ... ጨለማ ነው..."

መሮጥ ነበረብኝ። አልሮጥኩም።

ሰውየው በአንድ እጁ ክዳኑን ደግፎ፣ ሌላውን እጁን ሳይዞር ወደ እኔ ዘረጋ።

"አቀብለኝ" አለ በዝግታ።

የክዳኑ ብሎኖች እኔ ኪስ ውስጥ ነበሩ።