የካርድ ክፍሉ መቀርቀሪያ

የጽዳት ሠራተኛዋን አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ነገር ሆዷን ሲበላት ኖሯል። በምትሠራበት የቋንቋ ጥናት ቤት ካርድ ክፍሉን ልታጸዳ በገባች ቁጥር በሩ ከውጭ ይቀረቀርባታል። ድሮ አንድ ካርድ ጠፋ ተብሎ ነው። ካርዱ ከአንዱ ሊቅ መጽሐፍ ውስጥ ተገኘ፤ መቀርቀሪያው ግን ቀረ። ክፍሉ መስኮት የለውም። ጨርሳ ስታንኳኳ የሚያስታውሳት ሰው ካለ ይከፍትላታል፤ ከሌለ ትጠብቃለች።

የዚያን ዕለት ጠዋት በሩን ገርበብ ብሎ አገኘችው። ገባች፤ ከኋላዋ መቀርቀሪያው ሲንሸራተት ሰማች። እንደ ወትሮዋ አንደኛውን መደርደሪያ ወለወለች፣ ሁለተኛውን ወለወለች። ከመጨረሻው ኋላ የቤቱ ኃላፊ በግንባሩ ተደፍቷል። ደሙ ደርቋል። አጠገቡ የብረት መሳቢያ ወድቋል። እጇ እስኪያብጥ በሩን ደበደበች። ጥበቃው ከምድር ቤት ሰምቶ እስኪከፍትላት አንድ ሰዓት አለፈ።

መርማሪዋ መጣች፤ አፏ ቁጥብ፣ ዓይኗ የማያርፍ ሴት ናት። የሕንፃውን በር አዘግታ አራቱን ሰዎች ሬሳው ከተነሳበት ክፍል ውስጥ አስቀመጠቻቸው፤ የጽዳት ሠራተኛዋን፣ ጥበቃውን፣ የዩክሬንኛውን ሊቅና የዞንግካዋን መምህርት። የቤቱ ሥራ ዩክሬንኛንና የቡታን አገሩን ዞንግካ ማነጻጸር ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር በዩክሬንኛ አንድ ካርድ ላይ፣ በዞንግካ ሌላ ካርድ ላይ ይጻፋል። ዩክሬንኛው ግሡን አብዛኛውን ጊዜ መሀል ያገባዋል፤ ዞንግካው እንደኛው መጨረሻ ላይ ያሳርፈዋል። መሳቢያዎቹ በዚህ ሞልተዋል።

«ማን ነው የቀረቀረብዎት?» አለች መርማሪዋ።

«እጁን አላየሁም» አለች የጽዳት ሠራተኛዋ። «ሁልጊዜ የሚዘጉብኝ ኃላፊው ናቸው። ዛሬ እሳቸው ውስጥ ነበሩ።»

ሊቁ ሰዓቱን አየ። «ምን ያስጠይቃል? ከሬሳው ጋር የተገኘችው እሷ ናት። ይቺን ወስዶ እኛን መልቀቅ ነው።»

«ጋሼ፣ መቀርቀሪያው እኮ በውጭ በኩል ነው» አለ ጥበቃው። «የእትዬ ክንድ የቱንም ያህል ቢረዝም ብረት አይበሳም።»

«አላፊ አግዳሚ በልማድ ቀርቅሮት ይሆናላ» አለ ሊቁ።

«የእርስዎ ቢሮ የትኛው ነው?» አለች መርማሪዋ።

«እዚሁ ጎን።»

«ስትደበድብ ሰሙ?»

«ምንም አልሰማሁም።»

መርማሪዋ ከሟቹ የመነጽር ቤት የተገኘ፣ በዞንግካ የተጻፈበት መስመር ያለው ካርድ አወጣችና ለመምህርቷ ሰጠቻት። መምህርቷ አንብባ ፊቷ አመድ መሰለ።

«'ጠዋት ከሌሎቹ በፊት ካርድ ክፍል ይምጡ፣ ስለ መጽሐፉ የማሳይዎት አለ' ይላል። ከታች የኔ ስም አለ። እኔ ግን አልጻፍኩትም።»

«እዚህ ቤት በዞንግካ የሚጽፍ ማን አለ?»

«እኔና እኚህ ሊቅ፤ ኃላፊው ያነቡ ነበር እንጂ አይጽፉም። እሳቸው ያደጉት በዩክሬንኛ ነው። ዞንግካውን ካደጉ በኋላ እኔ ነኝ ያስተማርኳቸው።»

«በቃ፣ ተባብረዋል» አለ ሊቁ። «አንደኛዋ ጠራች፣ አንደኛዋ መታች።»

የጽዳት ሠራተኛዋ ከዚህ ክፍል ወጥታ ሌላ የሚቀረቀር ክፍል እንደምትገባ ታያት። አንገቷን አስግጋ ካርዱን አየችው።

«ይሄ የመምህርቷ አይደለም» አለች።

ሊቁ ሳቀ። «ማንበብ የማትችል ሴት ምስክር ልትሆን ነው?»

«ማንበብ አልችልም። ግን አሥራ አንድ ዓመት ከነዚህ ጋር ተዘግቶብኛል፤ ሌላ ምን ልይ ታዲያ?» ወደ መርማሪዋ ዞረች። «የዩክሬንኛው ፊደል መስመሩ ላይ ቁጭ ይላል፣ አግዳሚ ወንበር ላይ እንዳለ ሰው። በቃሉና በቃሉ መሀል ክፍት ቦታ አለው። የዞንግካው መሀል መሀሉ ነጥብ ነው፤ ፊደሉም ከመስመሩ ወደ ታች ይንጠለጠላል፣ ገመድ ላይ እንደተሰጣ ልብስ። መምህርቷ ሁልጊዜ ታንጠለጥለዋለች። ይሄ ካርድ ነጥቡስ አለው፤ ልብሱ ግን ገመዱ ላይ ቆሟል።»

«እንዲህ የቆመ ሌላ ካርድ አይተው ያውቃሉ?»

የጽዳት ሠራተኛዋ ከዞንግካው መሳቢያዎች አንዱን ስባ አገላበጠችና ሦስት ካርድ መርጣ ዘረጋች። ፊደሎቹ ሁሉ መስመሩ ላይ ተቀምጠዋል። መርማሪዋ ገለበጠቻቸው። ጀርባቸው ላይ የጸሐፊው ፊርማ አለ፤ ሦስቱም ላይ የሊቁ።

«እንግዲህ ሁላችሁም አላችሁ» አለች መርማሪዋ። «ደሙ ደርቆ ስለተገኘ ኃላፊው የሞቱት እሷ ከመግባቷ በፊት ነው። በልማድ የቀረቀረ ሰው ስታንኳኳ ይከፍትላት ነበር፤ ያልከፈተላት ከሬሳ ጋር እንድትገኝ የፈለገ ነው። ጥበቃው ከምድር ቤት የሰማውን እርስዎ ግድግዳ ተጋርተው አልሰማሁም አሉ። ጥሪውን የጻፈው ዞንግካ የሚያውቅ ነው፤ ግን እጁ በዩክሬንኛ የለመደ ነው። የመምህርቷ እጅ አይደለም። የቀረው አንድ ሰው ነው።»

«ለምን ብዬ?»

«በኃላፊው ጠረጴዛ ላይ የመጽሐፍዎ ረቂቅ አለ። የዞንግካው ክፍል በሙሉ ከመምህርቷ ካርዶች የተገለበጠ ነው፤ ሽፋኑ ላይ ያለው ግን የእርስዎ ስም ብቻ። ኃላፊው ትናንት ይህንኑ ጽፈው 'ይታገድ' ብለው ፈርመውበታል።»

ሊቁ በሩን አየ፤ ደጃፉ ላይ ፖሊሶች ቆመዋል። ወንበሩ ላይ ተዘረገፈ።

«ስሜን ሊፍቀው ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «ሲመጣ ለመንኩት። እንቢ አለኝ።» ከዚያ ወደ ጽዳት ሠራተኛዋ ዞረ። «አንቺን እንኳ... የገባሽበት አጋጣሚ ነው እንጂ ክፉ አስቤብሽ አይደለም።»

«አንድ ሰዓት ሙሉ ስደበድብ ሰምተኸኛል» አለችው። «አንተ» ስትለው የመጀመሪያዋ ነው።

ይዘውት ሲወርዱ መምህርቷ አቅፋ አለቀሰችባት። የጽዳት ሠራተኛዋ ጀርባዋን መታ መታ አደረገቻትና ጥበቃውን ካቻቪቴ ጠየቀችው። ካርድ ክፍሉ ደጃፍ ላይ ተንበርክካ የመቀርቀሪያውን ብሎኖች ትፈታ ጀመር።

«እትዬ፣ ይሄን ማን ፈቀደ?» አለ ጥበቃው።

«ማንም» አለችና አራተኛውን ብሎን ፈታች።