«ዩ» ማለት ማን ነው?

የእንግሊዝኛው መምህር ከሰሌዳው ሥር በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። ለበሩ መደገፊያ የሚያገለግለው ድንጋይ ራስ ቅሉ አጠገብ ወድቋል። ጣቶቹ መሀል ቀይ ጠመኔ እንደያዘ ነው።

መርማሪውን ጓደኞቹ «መርፌ» ይሉታል፤ የማይወጋው ነገር የለምና። እንግሊዝኛው ግን ከ«የስ» እና ከ«ኖ» ብዙም አያልፍም፤ ይህ ሁልጊዜ ያናድደዋል። ሰሌዳውን ቀና ብሎ አየ። ከላይ ቀኑና «ትምህርት አሥራ ሁለት» የሚል በነጭ ተጽፏል። ከሥሩ አንድ መስመር ያህል ቀይ ብናኝ ብቻ ቀርቷል፤ የሆነ ነገር ተጠርጎ ጠፍቷል።

«ተማሪዎቹ ገብተው ነበር?» ሲል የትምህርት ቤቱን ባለቤት ጠየቀው።

«ኧረ በጭራሽ! እነሱ ስምንት ሰዓት ነው የሚጀምሩት። ዘበኛው ከስድስት ሰዓት ጀምሮ በር ላይ ነበር፤ ለመምህሩ ምሳ ካመጣችው ሚስቱ በቀር ከውጭ ማንም አልገባም። ግቢ ውስጥ የነበርነው እኔ፣ የጠዋቷ መምህርትና እሷ ብቻ ነን።»

«ዳስተሩስ?»

«ቁም ሳጥኔ ውስጥ ነው። ካልቆለፍኩበት እግር ያወጣል። ዛሬ ገና አልወሰደውም ነበር።»

«ቀዩ ጠመኔስ?»

«እሱ የግሉ ነው፤ ከቤቱ ነው የሚያመጣው። ማንንም አያስነካም፣ ስስታም!»

ያልተጀመረ ትምህርት ማን ያጠፋል? መርማሪው ነገሩን በሆዱ ያዘው። ከሟቹ ቦርሳ ደብተር አውጥቶ ትምህርት አሥራ ሁለትን ፈለገ፤ አራት አጫጭር የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገሮች አገኘ። ፊደሎቹን እንደ ሥዕል እየሳለ በአራት ቁራጭ ወረቀት ገለበጣቸውና አዘበራረቃቸው። ደብተሩን ብብቱ ውስጥ ሸጎጠ።

መጀመሪያ ባለቤቱን ለብቻው አስቀመጠው።

«አትስማሙም ነበር ይባላል።»

«ማን ይስማማዋል? ሰውን ሁሉ የትምህርት ምሳሌ ያደርግ ነበር እኮ! ‹አወር ቦስ ኢዝ ፋት› እያለ አርባ ሰው ሲያስጮህ ቢሮዬ ሆኜ እሰማለሁ። አለቃችን ወፍራም ነው ማለት ነው። ለመሆኑ እኔ ወፍራም ነኝ?»

መርማሪው የሰውየውን ቀበቶ አየት አድርጎ ወረቀቶቹን አቀበለው። ባለቤቱ አንድ በአንድ ተረጎመ። «የት እንደሚኖሩ አውቃለሁ። ለምን እንደሚስቁ አውቃለሁ። ምን እንዳደረጉ አውቃለሁ። መቼ እንደመጡ አውቃለሁ።»

ቀጥላ የገባችው የሟቹ ሚስት ነበረች። ዓይኗ ደረቅ ነው።

«አላለቅስም» አለች ሳትጠየቅ። «እኔንም ምሳሌ አድርጎኛል። ‹ማይ ዋይፍ ኢዝ ሌዚ!› ሚስቴ ሰነፍ ናት! ያውም ምሳውን ይዤለት በር ላይ ቆሜ!»

ወረቀቶቹን ስታነብ አፏ መረረ። «ምን እንዳደረግህ አውቃለሁ። መቼ እንደመጣህ አውቃለሁ። ለምን እንደምትስቅ አውቃለሁ። የት እንደምትኖር አውቃለሁ።»

«ባለቤቱ ‹እርስዎ› ብሎ ነው ያነበበልኝ። አንቺ ለምን ‹አንተ› አልሽ?»

«‹ዩ› አንተም፣ አንቺም፣ እናንተም፣ እርስዎም ነው። እንግሊዝኛ እዚህ ላይ አይጨነቅም። እኔ ስሰማው ግን የሚመጣብኝ ባሌ ነው።»

መርማሪው ይህችን አልረሳትም።

የጠዋቷ መምህርት ሻርፗን አንገቷ ላይ ሁለት ዙር ጠምጥማ ገባች።

«የሱን ክፍል ዛሬ አልረገጥኩም። መምህራን ክፍል ደብተር ሳርም ነበር።»

«ይጠሉት ነበር?»

«ተማሪ ፊት እያረመ ‹ለመሆኑ የት ነው የተማርሽው?› የሚልን ሰው ማን ይወዳል? ግን ይህን ሥራ ካጣሁ እናቴን የሚጦራት የለም። ዋጥ አድርጌ እኖራለሁ።»

ወረቀቶቹን ሰጣት። «መቼ እንደመጣህ አውቃለሁ። የት እንደምትኖር አውቃለሁ።» ሦስተኛዋን ወረቀት ሁለት ጊዜ አየቻት። «ምን እንዳደረግሽ አውቃለሁ። ለምን እንደምትስቅ አውቃለሁ።»

መርማሪው አመሰገናትና ሁሉንም ወደዚያው ክፍል ጠራቸው። ሬሳው ተነስቷል። ሦስቱም የተማሪ ወንበር ላይ ተራርቀው ተቀመጡ፤ አንዱ ሌላውን ላለማየት አንገቱን አዙሯል።

«ሟቹ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር እንደጻፈ ሰው ገባ» አለ መርማሪው። «የገባው ሰው አነበበ፣ ተቆጣ፣ ድንጋዩን አነሳ። ከዚያ ጽሑፉን ሌላ ሰው እንዳያየው አጠፋው። ዳስተሩ ስላልነበረ በለበሰው ነገር ነው የጠረገው። አራቱን ዓረፍተ ነገሮች ሦስታችሁም ተርጉማችሁልኛል። ባለቤቱ ሁሉንም በ‹እርስዎ›፣ ሚስቱ ሁሉንም በ‹አንተ›። እርስዎ ግን መምህርት፣ ሦስቱን በ‹አንተ› ብለው አንዷን ብቻ በ‹አንቺ› አነበቧት። ደብተሩ ላይ ደግሞ የመጀመሪያዋ እሷ ናት። ያቺ ‹አንቺ› ማን ናት?»

«የአፍ ወለምታ ነው! በአፍ ወለምታ ሰው ይታሰራል?»

«አይታሰርም። ሻርፑን ይፍቱልኝ።»

አልፈታችም። ሚስቱ ተነስታ ጎተተችው። የውስጠኛው እጥፋት በጠመኔ ብናኝ ቀይ በቀይ ሆኗል።

«በጥርሱ ይዞኝ ነበር!» ብላ መምህርቷ ጮኸች። «የሟች እህቴን ዲፕሎማ ይዤ እንደማስተምር ደርሶበታል! ደብተር ልወስድ ብቅ ስል በቀይ ጽፎ ጠበቀኝ! ‹ይሄ ምንድን ነው?› ስለው ሳቀብኝ! ከዚህ ብባረር ማን ይቀጥረኛል?»

ባለቤቱ ከወንበሩ ተነሳ። «የምን ዲፕሎማ?»

መርማሪው ደብተሩን ከብብቱ አወጣ። ደስ አላለውም።

«ርዕሱን ያንብቡልኝ።»

«‹ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፤ በዓረፍተ ነገር ውስጥ›» ሲል ባለቤቱ አነበበ። «ይቺ እኮ ለከሰዓት ተማሪዎች በየዙሩ የሚጽፋት ናት። ሦስት ዓመቷ ነው፤ አንድ ቃል እንኳ ለውጦባት አያውቅም።»

መምህርቷ ደብተሩን ቀምታ አራቱንም መስመሮች በጣቷ እየተከተለች አነበበች፤ ደግማም አነበበች።

«አላወቀም ነበር?» አለች ቀስ ብላ።

«እሱ?» አለች ሚስቱ። «የኔን ዕድሜ እንኳ አያውቅም። የአንቺን ምኑን ብሎ ያውቃል?»