ጫማ የሚወለቅበት ክፍል

አምቦ ውስጥ ከእኔ የፈጠነ ዓይን ያለው ሰው የለም። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ቢቆምም፣ ሥራ አስኪያጁን አቶ ወልደሰንበትን ማን እንደገደላቸው መርማሪው መቶ አለቃ ኤጄታ ከላንድሮቨራቸው ሳይወርዱ አውቄው ነበር።

ሬሳው የተገኘው ኮምፒዩተር ክፍል ውስጥ ነው። ኮምፒዩተሩ የመጣው የእንጨት ሥራ ድርጅቱን ሊያዘምን ነው፤ ጣውላውንም፣ ምስማሩንም፣ ሠራተኛውንም የሚቆጣጠር ፕሮግራም ተጭኖበታል። አቧራ ያበላሸዋል ተብሎ ማንም ጫማውን ሳያወልቅ አይገባም። አቶ ወልደሰንበት በየጠዋቱ ቀድመው በካልሲ ይገባሉ። ያን ቀን ወለሉ ላይ ውሃ ተደፍቶ፣ የብረቱ ጠረጴዛ ሥር ኮረንቲ ያለው የተላጠ ሽቦ ታስሮ ጠበቃቸው።

ፖሊስ የያዘው ግን አባዬን፣ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊውን ኦቦ ዱጋሳን ነው! «ይሄን ሳጥን ያመጣብን ሰው መጨረሻው አያምርም» ብሎ ሰው ሁሉ ፊት ፎክሮ ነበራ። አባዬ ሊሰቀልብኝ ነው። ጥርሴን ነክሼ መቶ አለቃው ፊት ቆምኩ።

«ገዳዩ አዱኛ ነው!» አልኳቸው። አዱኛ ፕሮግራሙን የጫነው የአዲስ አበባ ልጅ ነው።

«በምን አወቅሽ፣ ሲንቄ?»

«ለአባዬ ቁርስ ይዤ ግቢው ውስጥ ነበርኩ። ታይፒስቷ ካሰች በሩን ስትከፍት የኮረንቲ መጋዙ ጸጥ አለ፤ ከዚያ ኡኡ አለች። አባዬ ዘሎ ገብቶ ሰውዬውን አቀፈ። አዱኛ ግን በሩ ላይ ቁጭ ብሎ የጫማውን ክር ይፈታል! ሰው ሞቶ ጫማ የሚፈታ ጤነኛ ነው?»

«መጋዙ መቼ ጸጥ አለ አልሽ?»

«ከጩኸቱ በፊት። አሁን መጋዙ ምን ያደርግልናል?»

ወደ ካሰች ዞሩ። «መብራቱስ?»

«በርቶ ነበር። እግሬን ላስገባ ስል ድርግም አለ።»

ቀጥለው የመጋዙን ሠራተኛ ጋሽ ገብረአማኑኤልን ጠየቁ።

«ኡኡታውን ስሰማ መጋዜን አጥፍቼ መጣሁ» አሉ ጋሽ ገብረአማኑኤል።

መቶ አለቃው አባዬን ከእስር አስመጥተው ሁላችንንም ጣውላው አጠገብ ሰበሰቡን።

«አዱኛ ሽቦውን ያሰረ ቢሆን፣ እርጥብ ወለል እያየ ጫማውን አያወልቅም፤ ልማድ ነው ያስወለቀው። ኦቦ ዱጋሳም ቢያውቁ ኖሮ በባዶ እጃቸው ዘለው አያቅፉም። መብራቱና መጋዙ የጠፉት ግን አብረው ነው፣ ያውም ካሰች ሳትጮህ። ዋናው ማጥፊያ መጋዙ አጠገብ ነው፤ እዚያ ያለው መስኮትም የኮምፒዩተር ክፍሉን በር ያሳያል። ከገባች እንደምትሞት ያወቀ ሰው በሩን ሲጠብቅ ነበር። አቶ ገብረአማኑኤል፣ ለምን አጠፉት?»

ጋሽ ገብረአማኑኤል ሰጋቱራውን ከእጃቸው አራገፉ። «ካሰች ምን አደረገችኝ?»

«ሰውዬውስ?»

«ልጄን በድሉን ትርፍ ሠራተኛ ነው ብሎ ለብሔራዊ ውትድርና አሳልፎ ሰጠው። እግሩ ላይ ብወድቅ ‹የመረጠው ኮምፒዩተሩ ነው፣ እኔ ምን ላድርግ?› አለኝ። የልጄ መርዶ መጣ።» ወደ ኮምፒዩተሩ ክፍል ጠቆሙ። «እሱንም ኮምፒዩተሩ መረጠው።»

ካሰች ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች።

አባዬ እዚያው ተለቀቀ። የግቢውን በር ስንወጣ እጁን ያዝኩና፣ «አየህ አባዬ፣ የመጋዙን ነገር ባልነግራቸው አትፈታም ነበር። ያዳንኩህ እኔ ነኝ!» አልኩት።

ዞሮ እንኳ አላየኝም።

«ጨሊሲ፣ ዝም በይ! አንቺን ቢያምኑሽ ኖሮ ገመዱ የሚገባው አዱኛ አንገት ላይ ነበር።»