የቃርያ አራስ ቤት

ሞግዚት፣ ማለትም ግድግዳው ውስጥ ሆኖ ቤቱን የሚጠብቀው መሣሪያ፣ «ቃርያ ጠዋቱን ሙሉ ተኝታለች፤ ቁስሏ ደርቋል፤ በደንብ በልታለች» አለ። ልሳን፣ ማለትም የድመቷን ነርቭ እያነበበ በሰው ቋንቋ የሚናገረው የአንገት ማሰሪያ፣ «ከበላሁ በኋላ ቀኝ ጎኔን ይወጋኛል፤ ደረጃውን ወርጄ ወጣሁ፤ ደክሞኛል» አለ።

አምሃ ሁለቱንም የሰማው ከሐይቁ ማዶ፣ ከሚሠራበት የውሃ ማጣሪያ ጣቢያ ሆኖ ነው። ቃርያ ማህፀኗ በቀዶ ሕክምና ከወጣ ሦስተኛ ቀኗ ነበር፤ ሁለቱ መሣሪያዎች መጨቃጨቅ ከጀመሩም እንዲሁ።

«ሞግዚት፣ ድመቷ ከቤት ወጥታለች?»

«አልወጣችም።»

«ልሳን፣ ታዲያ የቱን ደረጃ ነው የወረድሽው?»

«አርባ አንዱንም። በየመሀሉ ቆሜ ተነፈስኩ።»

«እናንተን ከማስታረቅ ሃያ ዓመት የተኳረፉ ባልና ሚስት ማስታረቅ ይቀላል!» አለ አምሃ።

ወዲያው የእንስሳት ክሊኒኩ ማሽን ደወለ። «ሁለቱ ሲጋጩ የምናምነው ሕመምተኛዋን ነው። ስምንት ሰዓት ላይ እንወስዳታለን፤ ስፌቱ ተከፍቶ ይታያል።»

«እንደገና ማደንዘዣ? በመጀመሪያውም ለጥቂት ነው የተረፈችው! ሁለት ኪሎ አትሞላም እኮ!»

«ቅሬታዎን መዝግበናል።»

«ቅሬታ አይደለም፣ ጥያቄ ነው!»

«ጥያቄዎን በቅሬታነት መዝግበናል።»

አምሃ ሥራውን ጥሎ በሐይቁ ላይ በሚንሸራተተው ታክሲ ወደ ቤቱ ከነፈ። ከወደቡ እስከ በሩ ሊፍቱ እንደ ልማዱ ስለማይሠራ አርባ አንዱን ደረጃ በእግሩ ወጣ።

ቃርያ ቁስሏን እንዳትልስ የተጠለቀላትን ሰፊ ፕላስቲክ እንደ ዘውድ ደፍታ ሶፋው ላይ ተንጋላለች። ስፌቱ ደርቋል። ቀኝ ጎኗን ጫን ቢያደርጋት እንኳን ልታቃስት በንቀት አየችው። ከፕላስቲኩ ሥር ግን አንገቷ ባዶ ነው። ልሳን የለም።

በዚህ መሀል ከፊት ለፊት፣ ገርበብ ካለው የጎረቤት በር፣ የታወቀው የልሳን ድምፅ ተሰማ። «ደጁን አያለሁ። ዛሬም ማንም አልመጣም።»

ቀን ቀን ድመቷን የሚያዩለት ጎረቤቱ እትዬ አስካለች እጅጌያቸውን እየጎተቱ ብቅ አሉ። «ውይ! ዛሬስ በጊዜ መጣህ ልጄ?»

«እትዬ፣ እጅዎ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

«ታዲያ ምን ላድርግ? ሆዷ ተቀዶ አንገቷ ደግሞ ይታነቅ? ብፈታው ጮኸብኝ፤ እጄ ላይ ሳስረው ገላዬ ሞቆት ዝም አለ። አንተ ሳትመጣ እመልስላታለሁ።»

«ሦስቱንም ቀን?»

«አራስ እኮ ናት! ገንፎውን እንዴት እንደላሰችልኝ ብታይ።»

«የምን አራስ፣ እትዬ? እንዳትወልድ ነው የተቀደደችው!»

«ቢሆንስ? ሆዷ ባዶ ሆኗል፤ ሰው አያስፈልጋትም?»

አምሃ ወደ ግድግዳው ዞረ። «አንተስ ሲፈቱት አላየህም?»

«አይቻለሁ» አለ ሞግዚት። «ስለ ጎረቤት እንዳላወራ ራስዎ ከልክለውኛል።»

አምሃ ሊጮህ አፉን ከፈተ። ልሳን ግን ከአሮጊቷ እጅ ላይ ቀደመው፤ «ቀኝ ጎኔን ይወጋኛል።»

«ዝም በል አንተ!» ብለው ማሰሪያውን በመዳፋቸው መቱት።

አምሃ አፉን ገጠመ። «መቼ ጀመረዎት?»

«ከፋሲካ ወዲህ ነው። ተወው፣ የእርጅና ነው።»

አምሃ ሦስት ቀን ሙሉ የልሳንን እያንዳንዱን ቃል አዳምጧል። ሥራ አልሠራ ብሎታል፣ እህል አልዋጥ ብሎታል፤ የድመት ሕመም መስሎት። በየማታውም በዚህ በር ሲያልፍ «እንዴት ዋሉ እትዬ?» ብሏቸዋል። እሳቸውም «እግዚአብሔር ይመስገን» ብለውታል። እሱም አምኖ ገብቷል።

ከወደቡ የጀልባ ጡሩምባ ተነፋ። «የእንስሳት ክሊኒክ ነን» አለ ማሽኑ። «ሕመምተኛዋ ትውረድ።»

እትዬ አስካለች ማሰሪያውን ለመፍታት ተጣደፉ። አምሃ እጃቸውን ያዘ።

«ይቆይ፣ አይፍቱት። ሐኪሙም ይስማው» አለ። ከዚያም ድምፁን ከፍ አደረገ። «ሞግዚት፣ ጀልባውን መልስ፤ ቃርያ የትም አትሄድም። ለሰው ሆስፒታል ደውል። እትዬ፣ ነጠላዎን ይልበሱ። አርባ አንዱንም ደረጃ አብረን ነው የምንወርደው፤ በየመሀሉ ቆመን እየተነፈስን።»