የኛው አየር

ተመራማሪው በምሳ ሰዓት ጋደም በሚልበት የመሣሪያ ክፍል፣ ምንጣፉ ላይ በጎኑ እንደተኛ ሞቶ ተገኘ። ቁስል የለው፣ ደም የለው። ያገኘው ብሎን እያሉ የሚጠሩት የቴሌስኮፑ ቴክኒሻን ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ኢንስፔክተሩ ክፍሉን ዞሮ አየ። መስኮት የለውም። ጥግ ላይ የቴሌስኮፑን ካሜራ የሚያቀዘቅዘው የፈሳሽ ናይትሮጅን በርሜል ባዶውን ቆሟል።

«ትናንት ጠዋት ጢም አድርጌ ሞልቼው ነበር» አለ ብሎን። «ስገባ ቧንቧው ተከፍቷል። መርዝ አይደለም ጌታዬ፤ ግን ሲተን ኦክስጅኑን ገፍቶ ያስወጣል። የተኛ ሰው ሳይነቃ ያልፋል።»

«ኦክስጅን ሲያንስ የሚጮኸው ደወልስ?»

«ተነቅሏል። እኔ ጣሪያ ላይ ከሁለት ሰዎች ጋር ቆርቆሮ ስመታ ነበር። የቧንቧው ጓንትም ተቆልፎበት ነው የዋለው፤ ቁልፉ ይኸው።»

ጠረጴዛው ላይ፣ መስመር በበዛበት ወረቀት ጠርዝ፣ ሟቹ በቀይ ጽፏል፦ «ይህ የደመናው አይደለም፤ የኛው አየር ነው።»

ኢንስፔክተሩ ወረቀቱን ለሟቹ አማት ለፕሮፌሰሩ አሳያቸው። የሽማግሌው እጅ እየተንቀጠቀጠ ወረቀቱን አንኮሻኮሸው።

«ከሩቅ የሚመጣ ብርሃን በጋላክሲ ዙሪያ ያለውን የጋዝ ደመና ሲያቋርጥ፣ እያንዳንዱ ንጥረ ነገር የራሱን ቀለም ይውጣል። የጎደለውን በእነዚህ መስመሮች አይተን ደመናው ከምን እንደተሠራ እናውቃለን። እኔ ማግኒዚየም አገኘሁ ብዬ ስሜን ያስጠራሁበት መስመር፣ ለካ የኛው አየር ኦክስጅን የዋጠው ኖሯል።»

ከዚያ ኢንስፔክተሩ ወደ ሟቹ ቤት ሄደ። ሚስቱ፣ የፕሮፌሰሩ አንድያ ልጅ፣ ከፍሪጁ የሚንጠባጠበውን ውሃ በሳፋ እየተቀበለች ነበር። ሁለት ጣቶቿ ታስረዋል።

«እጅዎን ምን ሆኑ?»

«ትናንት ጠዋት ሸሚዙን ስተኩስ ካውያው አቃጠለኝ። ከዚያ ወዲያ ከቤት አልወጣሁም።»

ካውያው ገመዱ ሶኬት ላይ እንደተሰካ ቆሟል። ሲወጣ ጎረቤቲቱን ጠየቃት።

«መብራት?» ሳቀች። «ከጠፋ ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ!»

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ፕሮፌሰሩ ቢሮ ሰበሰባቸው።

«ብሎን ምስክር አለው» አለ። «ፕሮፌሰሩ በዚህ እጃቸው ያንን ጠንካራ ቧንቧ መክፈት አይችሉም። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ደግሞ ቧንቧውን ያለ ጓንት አይነካም፤ ብርዱ እንደ እሳት ይለበልባል። የከፈተው የማያውቅ ሰው ነው፤ ጣቱም ተቃጥሏል። የሟቹን የእንቅልፍ ሰዓትም ያውቃል። እመቤቴ፣ መብራት በሌለበት በኤሌክትሪክ ካውያ እንዴት ተቃጠሉ?»

ሴትየዋ የታሰሩ ጣቶቿን በሌላው እጇ ሸፈነች።

«ምሳውን ይዤለት መጣሁ» አለች በመጨረሻ። «ተኝቷል። ወረቀቱን አየሁት። የጋዙን አደጋና የደወሉን ነገር እሱ ራሱ ነግሮኝ ነበር። የአባዬን ስም ጭቃ ሊቀባው! ዕድሜ ልኩን የለፋበትን!»

«ውጤቴን ፈትሽልኝ ያልኩት እኔ ነኝ» አሉ ፕሮፌሰሩ። «እሱማ ‹ይቅር ጋሼ፣ በዚህ ዕድሜዎ› ብሎ ለምኖኝ ነበር። እንቢ ብዬ ስህተቴን የሚናገረውን ማስተባበያ በስሜ የላክሁት ከትናንት በስቲያ ነው። ምነው ልጄ... አንድ ቃል ብትጠይቂኝ?»

ለመነሳት የወንበሩን ክንድ ያዙ። እሷ እንደ ልማዷ ክንዷን ልትሰጣቸው ብድግ ስትል በሩ አጠገብ የቆመችው ፖሊስ ያዘቻት። ኢንስፔክተሩ ሊደግፋቸው ተጠጋ።

«አንተን አይደለም» አሉት፣ እጃቸውን ወደ ልጃቸው እንደዘረጉ።